ከሁለት ቮልት በላይ

ጋሽ ቴስተር የሚለውን ስም ያወጡለት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ እሱንም ቅር ብሎት አያውቅም። ሰውየው ያልለካውን ነገር አያምንም። አዲስ ባትሪ ገዝቶ ገና ከሱቁ ደጃፍ ሳይርቅ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ በቴስተሩ፣ ይለካል። መብራት ጠጋኙ መጥቶ «ቆጣሪህ ደህና ነው» ሲለው «እስቲ» ብሎ ከኋላው ተከትሎ ይለካል። ሚስቱማ «በሠርጋችን ዕለት እኔንም ሳይለካኝ አልቀረም» እያለች ጎረቤቱን ታስቃለች።

ሥራው የድሮ የቤት ኮምፒውተር መጠገን ነው። ያ ኪቦርዱና ማሽኑ አንድ አካል የሆነ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም፣ ፕሮግራሙን ከካሴት እየሰማ የሚጭን ጉደኛ ዕቃ። ዓለም ከጣለው ቆይቷል። ጋሽ ቴስተር ግን አልጣለውም፤ እንዲያውም ፋብሪካው የነፈገውን እሱ ይጨምርለታል። ሚሞሪ ላነሰው የሚሞሪ ማስፋፊያ ይሠራለታል፣ ዲዳ ሆኖ ለተፈጠረው ድምፅ የሚያወጣ ሰሌዳ ይገጥምለታል። የሚሠራቸውን ማስፋፊያዎች የሚከታቸው አብዛኛውን ጊዜ የሳሙና ሳጥን ውስጥ ነው። የሚስቅ ይስቃል። ሳጥኑ ግን ይሠራል፣ እሱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አመሉ ላይ አንድ እንከን አለ፣ ካልተነገረ ታሪኩ አይሟላም። ረሳሁ፣ ተሳሳትኩ፣ አጠፋሁ የሚሉት ቃላት ከአፉ ወጥተው አያውቁም። ዕቃ እጁ ላይ ቢቃጠል «ድሮውንም ታሞ ነው የመጣው» ይላል። ሻዩ ውስጥ ጨው ቢጨምር እንኳ መልሱ «ጨውን እዚህ ያስቀመጠው ማነው?» ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። እሱንም ቢሆን «ብርድ ነው» ብሎ ዘግቶታል። ሚስቱ ነገሩ ገብቷታል፣ ሻዩን ግማሽ ብርጭቆ ብቻ እየቀዳች ዝም ብላለች።

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። አንዲት ወጣት ሴት በሁለት እጇ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ፣ የተኛ ሕፃን እንደያዘ ሰው በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ገባች። ቀሚሷ ደረት ላይ ሦስት መርፌዎች ከነክራቸው ተሰክተዋል። ልብስ ሰፊ ናት።

«ጋሽ ቴስተር እርስዎ ነዎት?»

«እንደሚሉት ከሆነ ነኝ።»

«ይቺንስ የሠሩት እርስዎ ነዎት?» ፎጣውን ገለጠችው።

አረንጓዴ የሳሙና ሳጥን ነው። ጋሽ ቴስተር ገና ሲያየው የእጁን ሥራ አወቀው። «ከየት አመጣሽው?»

«እሜቴ አርፋለች። ሁለት ወር ሆናት።»

እሜቴ የሚሏት የሕፃናት ማሳደጊያው ኃላፊ የነበረችውን ሴት ነው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እዚሁ ጠረጴዛ ፊት ቆማ እንዲህ ብላው ነበር፦ «ወረቀት ወሬኛ ነው። ካሴትም ይገለበጣል። እናቶች ለእኔ ብቻ ብለው የሰጡኝን ስም የማኖርበት፣ ማንም ሊሰርቀው የማይችል ነገር ሥራልኝ። ነገውኑ እፈልገዋለሁ።» እሱም በአንድ ቀን ሠርቶ ሰጣት። አራት የሚሞሪ ቺፕ፣ አንድ ባትሪ፣ በቃ። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ባትሪው ለቺፖቹ ጥቂት ጥቂት እያጎረሰ የተጻፈው እንዳይጠፋ ያደርጋል። በየእሑዱ ኮምፒውተሩን ስታበራ ደግሞ ባትሪው ይሞላል። ሳጥኑ ግን ጠባብ ነበርና ባትሪውን አራተኛው ቺፕ ጥግ ወሽቆት ነበር። ባትሪ ሲያረጅ እንደሚያነባ፣ እንባውም መዳብ እንደሚበላ ያን ጊዜም ያውቃል። ሌላ ሳጥን መፈለግ ነበረበት፣ አልፈለገም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ይኸኛው እስኪፈታ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀ።

«ሁለት ወር ሙሉ ማንም አላበራውም?» አለ።

«ማን ያብራው? ቁም ሳጥኗ ውስጥ አገኘነው። ኮምፒውተሩም ሞቷል፣ አይበራም። ወንድሞቼ ጣይው አሉኝ።» ወንድሞቼ የምትለው አብረዋት ያደጉትን የማሳደጊያውን ልጆች ነው። «ልብሳችን ላይ ቁጥር ይሰፋልን ነበር። የእኔ መቶ ስድሳ ሦስት ነው። ስፌት የለመድኩትም ያንን ቁጥር ስሰፋ ነው። ሞግዚቶቹ፣ አንቺ በር ላይ ተጥለሽ የተገኘሽ ነሽ፣ ይሉኝ ነበር። እሜቴ ግን ልትሞት ሰሞን ጠርታ፣ የእናትሽ ስም ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ አለችኝ።»

«ስሟን አግኝተሽ ምን ልታደርጊ?»

«ፈልጌ አገኛትና አንድ ነገር ብቻ እጠይቃታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ለምን ጣልሽኝ ብዬ ነዋ!»

ጋሽ ቴስተር ክዳኑን በቀስታ አነሳው። የፈራው አልቀረም። ባትሪው አረንጓዴና ነጭ አረፋ ተፍቶ ደርቋል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ይኸም ድምፁን ሳያሰማ ዓመት ከዓመት እያነባ የአራተኛውን ቺፕ ጥግ እግር በልቶት፣ እግሩ ከፀጉር ትንሽ ወፈር ብሎ ቀርቷል። ከባትሪው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ደግሞ ወደ አራቱም ቺፕ የሚያልፈው በዚያች እግር በኩል ነው። ቴስተሩን አስጠግቶ ለካ። ሁለት ነጥብ ሃያ አንድ።

«ስሚኝ» አላት፤ ድምፁ ቀነሰ። «ይኸ ቁጥር ከሁለት ቮልት በታች ከወረደ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ያንቺም፣ ሳጥኑ የሚይዛቸው የሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ልጆች። ይቺ እግር ከተሰበረችም እንደዚያው ነው።»

«ታዲያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክተን ቶሎ ብናነበው?»

«ሲሰካ ይገፋል። ሲገፋ እግሯ ትሰበራለች። መጀመሪያ አንድ ቀጭን ሽቦ እግሯ ላይ መበየድ አለብን፤ በዚያ በኩል አዲስ ባትሪ እሰጠዋለሁ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግን ነው።»

ሲያወሩት ቀላል ነው። ሥራው ግን የራሱ ተንኮል አለው። ሳጥኑን ከልብስና ከእጅ ከሚነሳው ብልጭታ ለመጠበቅ ከመሬት ሽቦ ጋር አስሮታል። የሊድ መበየጃውም ጫፍ በሶኬቱ በኩል ከዚያው ከመሬት ሽቦ ጋር የተያያዘ ነው። የጋለው ጫፍ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ያችን እግር ከነካ ኤሌክትሪኩ በሙሉ ወደ መሬት ይፈስና ቺፖቹ ጦማቸውን ያድራሉ። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ማጋል፣ ከሶኬት መንቀል፣ ወዲያው መንካት። ከተነቀለ በኋላ ሊዱ፣ ሽቦውን የሚያጣብቀው ለስላሳ ብረት፣ የሚቀልጥለት እስከ አምስት ሲቆጠር ብቻ ነው፤ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ጋሽ ቴስተር ይህን ሥራ በዕድሜው መቶ ጊዜ ሠርቶታል። በሰላሙ እጅ፣ ማለቴ ነው።

ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ጣለ። መበየጃውን አጋለ፣ ነቀለ፣ ወደ እግሯ አስጠጋ። የጣት ስፋት ያህል ሲቀረው እጁ ጀመረው። ጫፉ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተቆጠረ። እጁን መለሰ።

«መነጽሩ ነው» አለ። «ጉም ይዞታል።»

ጠረገው። ደገመ። በዚሁ መሐል አንድ የጭነት መኪና በመንገዱ አለፈና ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ ከበሩ ሥር ቆማ የምታየው ሚስቱ ጭምር ሦስቱም ሰዎች ዓይናቸውን ሳጥኑ ላይ ተከሉ። መኪናው አለፈ፣ ጠረጴዛው ረጋ፣ የሰውየው እጅ ግን አልረጋም። ሲለካ ሁለት ነጥብ አሥራ አራት ሆኗል።

«ጋሼ፣ እጅዎ...» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እጄ ምን ሆነ?»

«ኧረ በቃ!» አለች ሚስቱ ከበሩ ሥር፤ ይህን ያህል ወር ያመቀችው ነገር ገንፍሎ ወጣ። «እጅህ ይንቀጠቀጣል። አንተ ሰው፣ ሁሉን ስትለካ ኖረህ የራስህን እጅ ብቻ ሳትለካው ቀረህ?»

 ሚስቱ እንዲህ ስትናገረው በሠላሳ ዓመት ትዳሩ አንድም ቀን አያስታውስም። ፊቱ ቀላ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ቁጥሩን አየ። ሁለት ነጥብ አሥራ ሁለት። ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀ። ያ ወንበር ላይ ከእሱ በቀር ማንም ተቀምጦ አያውቅም፤ ሚስቱ እንኳ አቧራውን የምትጠርገው ቆማ ነው።

«መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል?» አላት ልብስ ሰፊዋን።

«አንዴ። አንዳንዴም ሳላየው።»

«ተቀመጪ።»

ከቆሻሻው ቅርጫት የሞተ ቦርድ አወጣና ፊቷ አስቀመጠው። መበየጃውን እንደ ብዕር አስያዛት። «ጫፉን አስጠጊ፣ እግሩን አሙቂ፣ ከዚያ ሊዱን ንኪው፣ ራሱ ይፈስሳል። አትጫኚው። ብረቱ ይሥራ፣ አንቺ ምሪው እንጂ።» የመጀመሪያዋ ጉብ ብላ እንደ ኪንታሮት ቀረች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋ ላይ «እህ፣ እንደ ቁልፍ ስፌት ነው፣ ከላይ ሳይሆን ከጎን!» አለችና ከዚያ ወዲያ የሞከረቻቸውን አምስቱንም አንዱን ካንዱ በማይለይ ሁኔታ አስተካክላ በየደቻቸው። ጋሽ ቴስተር በቅናትና በደስታ መሐል ሆኖ አየ። እንዲህ ያለ እጅ እሱም ነበረው።

«እትዬ፣ ላቤን ጥረጊልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ሚስቱም በመቀነቷ ጫፍ ግንባሯን አበሰችላት።

ሁለት ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ።

«አሁን ዋናው ላይ» አለ። ሽቦውን በቀጭን መቆንጠጫ አስያዛት። ራሱ ቴስተሩን ያዘ፤ የቴስተሩን ጫፎች ቺፖቹ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ከቁጥሩ ላይ አልነቀለም። «ቀስ ብለሽ። አይዞሽ። ሲነካ ጥሪኝ።»

«ነካሁ።»

ቁጥሩ ዜሮ ሆነ።

በዚያች ቅጽበት ነው የገባው። የሞተው ቦርድ ላይ ስትለማመድ መበየጃው እንዳይቀዘቅዝ ብሎ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ትቶታል። ተሰክቷል! ዘሎ ገመዱን በእግሩ ጠልፎ ጎተተው፤ መሰኪያው ተነቅሎ ከግድግዳው ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ቁጥሩ ተመለሰ። ሁለት ነጥብ ዜሮ ስምንት።

«ምን ሆነ?» አለች፤ እጇ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ቀጥዪ! ቀጥዪ! ገና ትኩስ ነው፣ ሊዱን ንኪው!»

ነካችው። ሊዱ ፈሰሰ፣ ሽቦው ተያዘ። ጋሽ ቴስተር አዲሶቹን ባትሪዎች ከሽቦው ጋር ሲያገናኛቸው ቁጥሩ ወጣና ሦስት ላይ ቆመ። ሚስቱ «ተመስገን!» ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች ታለቅስ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ተቃቀፉ። እሱ ብቻ ወደ መስኮቱ ዞሮ ቆመ።

ምን እንደሆነ ያውቃል። ከእያንዳንዱ ቺፕ ጎን ለዓይን ጥቅሻ ያህል የሚያቆይ ቅንጣት ኤሌክትሪክ የሚይዝ ካፓሲተር አለ። ሦስቱን ቺፖች ያ አድኗቸዋል ብሎ ተስፋ አደረገ። የአራተኛውን ካፓሲተር ግን የባትሪው እንባ በልቶታል። አራተኛው ቺፕ ላይ ያሉት ደግሞ ከመቶ ስድሳ በኋላ የገቡት ልጆች ናቸው። ያችም ጥቅሻ ብትሆን ጥቂት ፊደል ትወስዳለች። የቱን እንደወሰደች ብቻ አያውቅም። ልንገራት አለ በልቡ። ቆይ፣ ምናልባት ምንም አልሆነ ይሆናል አለ መልሶ። የሚለካ ነገር አልነበረም፤ ከመጠበቅ በቀር።

የራሱን ደህና ኮምፒውተር አመጣ፣ ሳጥኑን ሰካ፣ ቴሌቪዥኑን አበራ። የሰው ምስጢር አይቶ አያውቅምና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። «ምን ይታይሻል?»

«ቁጥር አንድ ይላል... ወንድ... ሰፊ ጽሑፍ ነው።» ማሽኑ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ እሜቴ የጻፈችው በፈረንጅ ፊደል ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ቃል በቃል እየፈታች ታነባለች። «ሃምሳ፣ ደህና ነው። መቶ፣ ደህና ነው። ይኸ ሾፌር የሆነው ወንድማችን ነው! እናቱ ስም አላት፣ ጋሼ! መቶ ሃምሳ ዘጠኝ... መቶ ስድሳ አንድ...»

ከዚያ ድምፅዋ ተቋረጠ። 

«መቶ ስድሳ ሦስት። ሴት። እናት ይላል፣ ከዚያ... ጋሼ፣ ይኸ ምንድነው? ኮከብ አለ፣ ሳጥን አለ፣ ቁጥር አለ። ስም አይደለም። ስሟ የታለ?»

«ውይ!» አለች ሚስቱ። «ባትሪው ነዋ የበላው! ስንት ዘመን ሲያነባ የኖረ ባትሪ፣ ምን ያደርግ?» ይህን ስትል ባሏን አየችው። በሩን ከፍታለት ነበር። ዝም ብሎ ገርበብ ካለው በር ቢወጣ ማንም አያውቅበትም። ድሮውንም ታሞ ነው የመጣው፤ እንዲህ ማለት አፉ ያውቅበታል።

ጋሽ ቴስተር ዞረ። የሚንቀጠቀጠውን እጁን ከኪሱ አወጣው።

«ባትሪው አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ። መበየጃውን ከሶኬት መንቀል ረሳሁ። ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን አይቼዋለሁ፣ ሳልነግርሽ ዝም አልኩ። ባትሪውንም ያኔ እዚያ ጥግ የወሸቅኩት እኔው ነኝ። የእናትሽን ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ልብስ ሰፊዋ አየችው። ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትሰድበው ይቀለው ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰች። «ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ አለ» አለች። «ይኸ አልተበላሸም።»

እየተንተባተበች አነበበች። «ዕድሜዋ አሥራ ስምንት። ሕፃኗን በእጄ አስረከበችኝ። በማግስቱ ተመልሳ መጥታ ልጄን መልሱልኝ አለች። ከፈረሙ በኋላ አይመለስም፣ ደንብ ነው አልኳት። ሦስት ቀን በር ላይ ቆመች። ዝናብ ነበር። አላስገባኋትም። በአራተኛው ቀን አልመጣችም። ልጅቷ ስታድግ እንዳትፈልጋት ብዬ፣ ተጥላ ተገኘች በሏት ያልኩት እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።»

ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ውጭ መኪና አለፈ፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፣ ማንም ልብ አላለውም።

«አልጣለችኝም» አለች ልብስ ሰፊዋ። እጇን ቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ፣ የተበላሹት ምልክቶች ላይ አደረገች። ጠዋት የያዘችውን ጥያቄ ከእንግዲህ የምትጠይቀው ሰው የለም፤ መልሱን አግኝታዋለች። አሁን የምትፈልገው ሌላ ነው፣ እሱም ደግሞ ከጥያቄው ይልቅ ይከብዳል።

«መልሱልኝ ብላ ነበር፣ ጋሼ» አለች። «ሦስት ቀን ዝናብ ላይ ቆማ። አሁን ማን ብዬ ልፈልጋት?»